የቅጂዎቹ ጀርባ

የዛገ ስፒል ከወረቀት ላይ ሲነቀል ችኮላ አይወድም። መጀመሪያ ወረቀቱን ደረቅ ጨርቅ ላይ መዘርጋት፣ ከስፒሉ ሥር ስስ ላስቲክ ማስገባት፣ ዝገቱን በቀጭን ቢላ እየፋቁ ማላላት፣ ከዚያ ትንፋሽ ውጦ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የቸኮለ ሰው ከስፒሉ ጋር ሁለት ሦስት ቃል ነቅሎ ይወጣል፤ የተነቀለ ቃል ደግሞ ተመልሶ አይተከልም። በተቋሙ የደብዳቤ ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ እንደ እትዬ እርሳስ የሚችልበት አልነበረም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእሷ እጅ አንድ ቃል አልጠፋም ይባልላት ነበር። ይባልላት ነበር ነው ያልኩት፤ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

እርሳስ ብለው ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ትውላለች፤ አንዳንዴም ረስታው ቤቷ ይዛው ትገባለች። ቁመናዋም ቀጥ ያለ፣ ሥጋ ያልበዛበት ስለነበር ስሙ ልክክ አለባት። ሰው ሲታማ ተነስታ ትወጣለች። ሰው ሲቀልድ ደግሞ ቀልዱ የሚገባት ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይከበራል፤ ምሳ ሲበላ ግን ማንም አይጠራውም።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። የብረት መደርደሪያ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ግራጫ የካርቶን ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ደብዳቤ። ደብዳቤዎቹ የቢጫ ወባ ናቸው። ተቋሙ ዛሬ ባለ ስድስት ፎቅ ሆኖ ሊፍቱ ሲበላሽ ሁሉም ይማረራል እንጂ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከከተማው ዳር ያለ የምርምር ጣቢያ ነበር፤ አራት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አንድ የማቃጠያ ምድጃ። እዚያ ውስጥ አንድ ዶክተርና ጓደኞቹ ቢጫ ወባ እንዴት ከቢምቢ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደሚከላከሉት ዓመታት አጠኑ። ለአለቆቻቸው የላኩት ሪፖርት ደረቅ ነው፤ ቁጥርና ሰንጠረዥ። ፍርሃታቸውን፣ ጠባቸውን፣ የከሸፈባቸውን ሁሉ የጻፉት እርስ በርስ በተላላኩት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ተቋሙ የምርምሩን ታሪክ ከሰዎቹ የግል ደብዳቤ ሊያቆይ ወሰነ። ልጆቻቸውን፣ መበለቶቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን እየለመነ ሰበሰበ። የሰበሰበውን የምታጸዳው፣ የምታነበው፣ ቁጥር የምትሰጠው እትዬ እርሳስ ነበረች።

ለምን እዚህ እንደገባች ግን ለማንም አልተናገረችም። ሥራ አጥታ አልነበረም። አንድ መስመር ፍለጋ ነው የገባችው።

አባቷ የጣቢያው የብልቃጥ ሰው ነበር። ቢምቢዎቹን የሚያረባው እሱ ነው። እንቁላሉን ከውኃ ላይ በወረቀት ያነሳል፣ እጩን ይመግባል፣ ያደጉትን ወደ ብልቃጥ፣ ከብልቃጥ ወደ ትልቁ የመረብ ሳጥን ያዛውራል። በሽታውን የተሸከሙትና ያልተሸከሙት እንዳይደባለቁ ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ያስረክባል። ዶክተሩ በደብዳቤዎቹ ውስጥ «የብልቃጡ ሰው» እያለ ይጠራዋል። ስሙን አንድም ቦታ አልጻፈውም። ሰባት ዓመት አብሮት ለዋለ ሰው ስም መጻፍ የቀለም ብክነት መስሎት ይሁን አላውቅም።

አንድ ቀን ከበላይ እንግዶች መጡ። ትልቁ የመረብ ሳጥን ወደ በረንዳው ወጥቶ ተጎበኘ። እንግዶቹ ሄዱ፤ የመረቡ አፍ ግን ሳይታሰር ቀረ። እስኪታወቅ ድረስ ሳጥኑ ባዶ ሆኗል። ከጣቢያው አጥር በስተጀርባ የሠራተኞች ሰፈር ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሰፈሩ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ዘጠነኛው ራሱ የብልቃጡ ሰው ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጥቁር እያስመለሰው፣ በአምስተኛው ቀን።

ምርመራ ተደረገ። የምርመራው ውጤት ሦስት መስመር ነው፤ እትዬ እርሳስ በቃሏ ታውቀዋለች። «የብልቃጡ ሰው የመረቡን አፍ ሳያስር በመሄዱ» ይላል። ሙት አይከራከርም፤ ለመርማሪዎቹ ተስማማቸው። ለሰፈሩም ተስማማው። ስምንት ቤት ያለቀሰ ሰው ዘጠነኛው ቤት ዝር አላለም። የአባቷን አስከሬን ከቤት ያወጡት እናቷ፣ ወንድሟና ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታድረው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ የሚሰጣት ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሰልፉ ገለል ይልላታል፤ ከአክብሮት አይደለም። እትዬ እርሳስ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ «የገዳዩ ልጅ» ሆነ። ይህን ስም ይዛ ሦስት ክፍል አለፈች፤ ከዚያ ሰፈር ለቀቁ።

አባቷ ግን ከመሞቱ በፊት ለትልቁ ልጁ ተናግሮ ነበር። ወንድሟ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰምቷል። «እኔ አሥሬው ነው ብልቃጥ ላጥብ የሄድኩት። ለእንግዶቹ ሊያሳያቸው የፈታው ዶክተሩ ነው፤ ፈትቶ እንደተወው ሄደ። ጽፌዋለሁ» አለው። ጽፌዋለሁ። ወንድሟ ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲደግመው ኖረ። የት እንደጻፈው ግን አባቱ አልነገረውም፤ ወይ እሱ አልጠየቀም። ለምርመራ ከመጡት ሰዎች ለአንዱ ሄዶ ሲነግረው ሰውየው ጸጉሩን ዳበስ አድርጎ «በርታ» ብሎ መለሰው።

እንግዲህ እትዬ እርሳስ ያችን ጽሑፍ ፍለጋ ነው ተቋሙ የገባችው። በመጀመሪያው ዓመት የጣቢያውን መዛግብት ሁሉ አገላበጠች። የብልቃጥ ክፍል ደብተር የሚባል ነገር የለም። ደብተር የሚታደለው ለተመራማሪ እንጂ ለሠራተኛ አልነበረም። ተስፋዋን ወደ ደብዳቤዎቹ አዞረች። ከዶክተሩ ጓደኞች አንዱ፣ ምናልባት አንዱ፣ የሆነ ቦታ «ያን ቀን መረቡን የፈታሁት እኔ ነኝ» የሚል ቃል የተቀበለ ይኖራል አለች። ሦስት ሺህ ደብዳቤ አነበበች። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ አጉሊ መነጽር መሰበር፣ ስለ ሚስት ኩርፊያ አነበበች። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል የለም።

«ተይው አልኩሽ እኮ» ይላታል ወንድሟ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ጠባብ ሱቅ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድለታለች። ሳይጠየቅ የቀሚሷን ጫፍ ያያል፣ የላላ ቁልፍ ካለ ያጠብቅላታል፣ ክር በጥርሱ በጥሶ «ሂጂ አሁን» ይላታል። ፍቅሩን የሚገልጸው እንደዚያ ነበር። «አባባን የገደሉትን ሰዎች ወረቀት እያቦነንሽ ልታረጂ ነው!»

«አባባ ጽፌዋለሁ ብሏል አላልክም፣ ጋሼ?»

«ብሏል።»

«ከጻፈ አለ። ወረቀት በራሱ አይጠፋም። ሰው ካላጠፋው።»

ይህን እሷ ናት ያለችው፤ በገዛ አፏ።

ተቋሙ የምሥረታውን በዓል ሊያከብር ሲዘጋጅ አንድ የታሪክ ጸሐፊ ተቀጠረ። መጽሐፉ የጣቢያውን ዘመን በደብዳቤዎቹ ይተርካል ተብሎ ነው። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው። ከገባ ጀምሮ «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ ወንበር ይስብላታል፣ ከሳጥን በታች ጎንበስ ስትል ተሯሩጦ ይይዝላታል። ስለ ዘጠኙ ሰዎች አንድ ምዕራፍ እንዳለው በጨዋነት ነገራት፤ ርዕሱ «የአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት» የሚል ነው። እሷም የፈለገውን ሳጥን አወረደችለት።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው የመጨረሻው ሳጥን መጣ። የዶክተሩ የልጅ ልጅ ናት ያመጣችው። ዶክተሩ ለእህቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ሲደብቃቸው ኖሮ ቤት ሲሸጥ ከቁም ሣጥን ጀርባ ተገኙ። «የወንድምና የእህት ወሬ ነው፤ ቁም ነገር የለውም» አለች የልጅ ልጂቱ፤ ፈርማ ሄደች።

ሃያ ሦስት ደብዳቤ ነበር፤ ሁሉም በስፒል የተያዘ፣ የሁሉም ስፒል ዝጓል። አሥራ ሰባተኛውን በምሳ ሰዓት ነቀለችው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። የተጻፈው ዘጠኙ ሰዎች ከሞቱ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለ አየሩ ጥቂት፣ ስለ እናታቸው ጤና ጥቂት ይልና እንዲህ ይቀጥላል፦

«ያን ቀን የመረቡን አፍ ማን ሳያስር እንደሄደ የብልቃጡ ሰው ጽፎታል። በእጁ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ልማዱ ሚስማሩ ላይ ከምሰቅላቸው ቅጂዎች ጀርባ። አይቼዋለሁ። ላቃጥለው ምድጃው ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። መልሼ ቦታው ሰቀልኩት። እኔ ካለፍኩ በኋላ ወረቀቶቼን የሚጠብቅ ሰው ያግኘው። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አትጠይቂኝ።»

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። እውነቷን ነው፤ ለምን አይሰማት? ጽፏል! ወንድሟ አልዋሸም፣ አባቷ አልቃዠም፣ ጽፏል! እጇን አፏ ላይ ጭና ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ተወዛወዘች።

ከዚያ «ቅጂዎች ጀርባ» የሚለውን ሁለተኛ አነበበችው። እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

ዶክተሩ ደብዳቤ ሲጽፍ ከሥሩ ካርቦን አድርጎ አንድ ስስ ቅጂ ለራሱ ያስቀር ነበር። ቅጂዎቹ ከወረቀቶቹ ጋር ወደ ተቋሙ መጥተዋል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። እትዬ እርሳስ ከተቀጠረች ሦስተኛ ወሯ ላይ የዶክተሩ ሦስት ጓደኞች ዋናዎቹን ደብዳቤዎች መለሱ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጠራትና ደንቡን አስረዳት፦ ዋናው ካለ ቅጂው ይወገዳል፤ መደርደሪያ እንደ ልብ አይገኝም። ቀኑን ታስተያያለሽ፣ የመጀመሪያውን መስመር ታስተያያለሽ፣ የመጨረሻውን መስመር ታስተያያለሽ፤ ከገጠመ ቅጂው ወደ ቅርጫት። ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ልታስደስተው ፈለገች። አንድ ወር ይፈጃል የተባለውን በዘጠኝ ቀን ጨረሰችው።

ጀርባቸው ላይ ጽሑፍ እንዳለ አይታ ነበር። ይህን አሁን ነው ያስታወሰችው፤ ማስታወስ ከተባለ፤ እንደ ትኩስ ውኃ ነው የተደፋባት። በእርሳስ የተጫረ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ቃል፣ ደግሞ ቁጥር። ሄዳ ኃላፊውን ጠይቃው ነበር፤ «ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር አለ፣ ምን ላድርገው?» ብላ። እሱም ቀና ሳይል «የዕቃ ቆጠራ ነው፤ ደብዳቤ አይደለም» አላት። ደብተር ያልታደለው ሰው ቆጠራውን የሚጽፍበት ወረቀት ከየት ያመጣል ብላ አላሰበችም። የሰባት ቁጥሩ ወገቡ ላይ ጭረት ነበረበት። ቤታቸው በር ላይ አባቷ በጠመኔ ቁጥር ሲያስተምራት ሰባትን እንደዚያ ነበር የሚጽፈው። ያንን ሰባት አራት መቶ ጊዜ አይታ አራት መቶ ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ቅርጫቱን ተሸክማ ሄዳ በጣቢያው አሮጌ ምድጃ ውስጥ ያቃጠለችውም ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው አደራ ላለመስጠት። ለዚህ ትጋቷ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ አለ።

የተነቀለው ደብዳቤ ፊቷ ተዘርግቷል። ቁጥር አልተሰጠውም። ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት ገና የለም ማለት ነው። የልጅ ልጂቱ ቆጥራ አላስረከበችም፤ ሃያ ሁለት ነበር ቢባል ማን ይከራከራል? እጥፍ ብታደርገው መዳፏ ውስጥ ይገባል። አሰበችው። ዝም ብዬ ቅድስት ናት ልላችሁ አልፈልግም፤ አጥብቃ አሰበችው። ደብዳቤው ከሌለ የእሷም ጉድ የለም፤ አባቷም እስከ ትናንት እንደነበረው ይቀራል።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር ታያት። ሰውየው ሊያቃጥለው ወስዶታል እኮ! ንጹሕ ሰው ምን ሊያደርግ ምድጃ ድረስ ይሄዳል? ዓይን ያለው ሁሉ ያነበዋል። ጸሐፊውም የተማረ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ያየዋል። እርሳሷን ከጸጉሯ መዘዘች፤ በታችኛው ጥግ ላይ ቁጥሩን ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ራሷ ይዛው ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ሄደች።

ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለ። «እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው፣ እትዬ!»

«ማን?»

«ዶክተሩ ነዋ! አዩት? ሠራተኛው ጥፋቱን በእጁ ጽፎ አምኗል፤ ዶክተሩ ግን የሟቹ ስም ከዚህ የባሰ እንዳይጎድፍ ብሎ ሊያቃጥልለት ነበር። ለማን ብሎ? ለአንድ ብልቃጥ አጣቢ! ለእህቱ እንኳ ገልጦ አልነገራትም።»

እትዬ እርሳስ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። «አምኗል አይልም» አለች። «ማን ሳያስር እንደሄደ ጽፏል ነው የሚለው። ዶክተሩ ራሱ ቢሆንስ ያላሰረው?»

ጸሐፊው በትዕግሥት ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ልብ ይበሉ። እርስዎን የሚወነጅል ወረቀት እጅዎ ቢገባ፣ ያውም ምድጃ አፍ ድረስ ይዘውት ሄደው፣ መልሰው ቦታው ይሰቅሉታል? ደግሞስ ‹ወረቀቶቼን የሚጠብቅ ሰው ያግኘው› ይላሉ? ይህ በራሱ የሚተማመን ሰው ቃል ነው።»

ምን ብላ ትመልስ? እጁ እምቢ ያለውን ሰው ሕሊና ለማስረዳት ሕሊናው እምቢ ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ደግሞ የተመቸው ሰው ነበር።

«ለማንኛውም ክርክር አያስፈልግም» አለ መነጽሩን እየመለሰ። «ቅጂዎቹን ያምጡልኝ፤ ገልብጠን እናያለን። እርስዎ ልክ ከሆኑ ምዕራፉን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ገና ማተሚያ ቤት አልገባም።»

ያን ጊዜ ነው የጠላችው። ከልቡ ነበርና።

እሷ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ስትቀር ጸሐፊው ኃላፊውን ጠራው። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስለ ቅጂዎቹ ምንም አያውቅም። የተወገዱ ወረቀቶች መዝገብ የሚባለውን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ አቧራውን እፍ ብሎ ገለጠው። በጣቱ እየተከተለ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «የካርቦን ቅጂ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ተቃጥሏል» ብሎ አነበበ። ቀጥሎ ፊርማውን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ።

«እትዬ... ያኔ ደንቡ ነበር መቼም።»

ዝም ብትል ይቀርላት ነበር። ደንብ ነበር፣ አለቀ፣ ደቀቀ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዷ ውስጥ የታመቀ ነገር መውጫ ሲያገኝ ምርጫ አይሰጥም።

«አባቴ ነው» አለች። «የብልቃጡ ሰው አባቴ ነው። እሱ አላደረገውም። ጽፎታል፤ ጽፎት ነበር። እኔ አላወቅኩም።»

ጸሐፊው መዝገቡን አየ፣ ደብዳቤውን አየ፣ እሷን አየ፤ ሦስቱን ነገሮች በልቡ ሲገጣጥማቸው ፊቱ ላይ ታየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«አሁን ገባኝ» አለ በለሆሳስ። «አይፍረዱ በራስዎ ላይ፣ እትዬ። ልጅ ነዎት። ማንም ልጅ ያደርገዋል።»

«ምኑን?» አለች።

ኃላፊው ጫማውን ያይ ጀመር። ጸሐፊው ተነስቶ ወንበር ሳበላት።

ቅዳሜ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እግሩ እየሄደ፣ ሱሪ እያጠበበ፣ ነገረችው። ደብዳቤውን በቃሏ አነበነበችለት። «ጽፎታል» የሚለው ላይ ስትደርስ እግሩ ቆመ፤ ጥርሱን እስከ ድዱ አሳየ፣ ካደጉ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። «አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ?» እያለ ጉልበቱን መታ። ከዚያ የቀረውን ነገረችው። ቅጂዎቹን፣ ቅርጫቱን፣ ምድጃውን፣ የሰባት ቁጥሩን ጭረት፤ አንድም አልደበቀችም።

ፔዳሉ እንደገና መሄድ ጀመረ። የሱሪውን አንድ እግር ጨረሰ፣ ገለበጠ፣ ሌላውን ጀመረ።

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ዘጠኝ።»

«ስታቃጥይው ብቻሽን ነበርሽ?»

«ብቻዬን።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰው። «ዶክተሩ እንኳ እጁ እምቢ ብሎታል» አለ።

የቀሚሷ ጫፍ ተተርትሮ ወለሉን ይጠርግ ነበር፤ አየው፤ ዓይኑን ወደ ሱሪው መለሰ። እስከ በር ድረስ ክሩን እየጎተተች ወጣች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ አልሄደችም፤ እሱም የት ጠፋሽ ብሎ አልላከባትም።

መጽሐፉ በቀኑ ወጣ። ምዕራፉ ርዕሱን ቀይሮ «የአንድ ሠራተኛ የእምነት ቃል» ሆኗል። ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል እንዲህ የሚል አለ፦ «የእምነት ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ከዓመታት በኋላ በተቋሙ ውስጥ ተቀጥራ በነበረች የሟቹ ልጅ እጅ ተቃጥሏል።» ስሟን አልጠቀሰም፤ ከጨዋነቱ ብዛት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ስም የማያስፈልገው ወሬ ነው። በኮሪደር ስታልፍ ሰው ገለል ይልላታል። እሷ ይህን አካሄድ ታውቀዋለች፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ።

ከሥራ አላሰናበቷትም። ጸሐፊው ራሱ ገብቶ ስለሷ ለምኗል አሉ። አንድ ሰኞ ኃላፊው አንድ ባዶ የስም ማውጫ ካርድ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። በክፍሉ ደንብ ካርድ የሚከፈተው ደብዳቤ ለጻፈ ወይም ለተጻፈለት ሰው ብቻ ነው፤ የሚወሳ ሰው ካርድ የለውም። ለአባቷ ካርድ መክፈት የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነበር፤ አባቷ መሆኑን ሳትናገር ሁለት ጊዜ ለምና ሁለት ጊዜ ተከልክላለች።

«አሁን አባትዎ ጽሑፍ እንደ ጻፉ ስለተቆጠሩ ይከፈትላቸዋል» አለ ኃላፊው ደስ ሊያሰኛት ፈልጎ። «እርስዎ ቢጽፉት ብዬ ነው። ስማቸውን የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ካርድ በቀለም ነው የሚጻፈው፤ በእርሳስ አይፈቀድም። ኃላፊው ለዚህ ብሎ ይዞት የገባውን የራሱን እስክሪብቶ ሰጣት። በመጀመሪያው መስመር የአባቷን ስም ጻፈች፤ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሥራ፦ ብልቃጥ ጠባቂ። የጽሑፉ ዓይነት፦ በካርቦን ቅጂ ጀርባ የተጻፈ። የት ይገኛል፦ ተቃጥሏል። የመጨረሻው መስመር ያስወገደው ሰው ሙሉ ስም ይላል። የራሷን ስም ጻፈች፤ ሙሉ ስም ነውና ከጎኑ የአባቷን ስም ደገመችው። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀችና ካርዱን በፊደል ተራው ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።